ለፋሲካ ሰሞን ባሕር፦ ጅቡቲ፣ ሞምባሳ፣ ዱባይ ወይስ እስክንድርያ?

እናቴ ባሕር አይታ አታውቅም ነበር። ጡረታ በወጣች ዓመት ይዘናት ሞምባሳ ሄድን። ጊዜው የግንቦት የመጀመሪያ ሳምንት ነው። የሆቴሉ ዋጋ በግማሽ መውረዱን ሳይ ደስ ብሎኝ ቶሎ ከፈልኩ። ለምን እንደወረደ ግን አልጠየቅኩም። በገባንበት ማታ የጀመረው ዝናብ ሦስት ቀን አላባራም። እናቴ ነጠላዋን አጥባ በረንዳው ላይ አሰጣችው፤ በሦስተኛው ቀንም እጄን ሳሳርፍበት እርጥብ ነበር። ጨው ከማስቀመጫው አልወርድ አለ። በአራተኛው ቀን ፀሐይ ስትወጣ ወደ ውሃው ወረድን። ዳርቻው ላይ ቡናማ የባሕር ሣር ተቆልሎ ጠበቀን። «ልጄ፣ ክረምቱን ቀድመነው መጣን እንዴ?» አለችኝ።

ጥፋቱ የከተማው አይደለም። ሞምባሳ በጥር ሌላ ከተማ ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ከተማውን በስሙ፣ ቀኑን በዋጋው መረጥኩ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ገልብጬዋለሁ። መጀመሪያ ዕረፍት የማገኝበትን ቀን እቆርጣለሁ፤ ከዚያ ለዚያ ቀን የሚሆን ከተማ እፈልጋለሁ። በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት ይህ ከምንም በላይ ዋጋ አለው። በእነዚህ ሦስት ወራት የአንዱ ከተማ አየር እየተበላሸ፣ የሌላው እየተስተካከለ ይሄዳል።

እዚህ የማነጻጽረው ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ማየት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስባቸውን ሦስት ከተሞችና የሚዘነጋትን አንዲት ከተማ ነው።

አቆጣጠሩን ሳናስተካክል አንጀምር

በባሕረ ሐሳቡ አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ገበሬው በልግ የሚለው ወቅት ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ የምናገኘው የአየር ጠባይ ሰንጠረዥ ግን በፈረንጅ ወር የተሠራ ነው። «ኤፕሪል» ሲባል ሚያዝያ ብቻ እየመሰለን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልኩ ይህ ነው፦ ማርች ከየካቲት 22 እስከ መጋቢት 22፣ ኤፕሪል ከመጋቢት 23 እስከ ሚያዝያ 22፣ ሜይ ከሚያዝያ 23 እስከ ግንቦት 23።

ሌላው ፋሲካ ነው። አብዛኞቻችን ዕረፍት የምንወስደው በፋሲካ ዙሪያ ነው፤ ፋሲካ ደግሞ ቦታውን ይቀይራል። በ2018 ዓ.ም. ሚያዝያ 4 ነው። በ2019 ሚያዝያ 24፣ በ2020 ደግሞ ሚያዝያ 8። በ2018 እና በ2019 መካከል ያለው የ20 ቀን ልዩነት ብቻውን የከተማውን ምርጫ ይለውጣል። በአንዱ ዓመት ፋሲካ ዱባይ ላይ ደስ የሚል አየር ይዞ ይመጣል፤ በሌላው ዓመት ግን በቀትር ከቤት አያስወጣም።

በምን እንመዝናቸው?

አንደኛው መመዘኛ ሙቀትና ወበቅ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። በግንቦት ድሬዳዋና ጅቡቲ የቀኑ ሙቀት ይቀራረባል፤ ሁለቱም 35 ዲግሪ አካባቢ ናቸው። ድሬዳዋ ግን አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ይደርቃል፣ ሰውነትም ይቀዘቅዛል። ጅቡቲ ከባሕሩ የሚነሳው እርጥበት አየሩን ስለሚሞላው ላቡ አይተንም። ቆዳ ላይ ይቀራል፤ ሙቀቱ ከሰውነት የሚወጣበት መንገድ ይጠፋል። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ለሚኖር የአዲስ አበባ ሰው ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ የቀኑን ቁጥር ብቻ አትዩ። የሌሊቱን እዩ። ሌሊት ከ25 ዲግሪ በታች የማይወርድ ከተማ ያለ ኤሲ አያስተኛም።

ሁለተኛው ዝናብና ንፋስ ነው። ሦስተኛው የባሕሩ ውሃ ሙቀት። ውሃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል። አየሩ በሚያዝያ ሞቆ ባሕሩ ገና የብርዱን ወራት ቅዝቃዜ ይዞ ሊቆይ ይችላል። መዋኘት የሚፈልግ ሰው ይህን ካላየ ያዝናል። በግምት ከ24 ዲግሪ በላይ ያለ ውሃ ልጆች ያለ ጩኸት የሚገቡበት ነው።

ከዚያ ጉዞውና ወረቀቱ፣ ወጪው፣ እና ጾምና በዓሉ ይመጣሉ። የመጨረሻውን ሌሎች መመሪያዎች አያነሱትም። ለኛ ግን መጋቢት ማለት ዐቢይ ጾም ነው። ጿሚ ሰው ይዞ ሄዶ የሚበላ ማጣት ጉዞውን ያበላሻል።

ጅቡቲ፦ ቅርብ ናት፣ ግን ቶሎ በሯን ትዘጋለች

በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በባቡርም ይኬዳል። መስመሩ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከለቡ ተነስቶ በድሬዳዋ በኩል ናጋድ ጣቢያ ይደርሳል። መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በፈረንጆቹ 2018 መግቢያ ላይ ነው። በባቡር ለሚሄድ የምመክረው፣ መነሻው በየቀኑ ነው ብሎ እንዳያስብ ነው። ቀኑን ጣቢያ ሄዶ ማረጋገጥና ድሬዳዋ ላይ አንድ ሌሊት ማደር ጉዞውን ያቀለዋል።

በማርች ቀኑ 31፣ ሌሊቱ 24 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ የሚቻል ነው። በሜይ ቀኑ 35፣ ሌሊቱ 27 ይደርሳል። ከሰኔ በኋላ 40ን ያልፋል፤ ስለዚያ ባንነጋገር ይሻላል። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ነው። የባሕሩ ውሃ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ነው፤ ሞቅ ያለና የጠራ። ሙሻና ማስካሊ የተባሉት ደሴቶች በጀልባ ቅርብ ናቸው፤ ኮራሉ ከዳርቻው ብዙ ሳይርቁ ይታያል።

አንድ ነገር ግን ይወቁ። ብዙ ሰው ጅቡቲ የሚሄደው ዌል ሻርክ የተባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ነው። እሱ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በብዛት የሚታየው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። በሚያዝያ «እናሳይሃለን» የሚል ካገኙ ገንዘብዎን አይስጡ። አሳል ሐይቅ ግን ሁልጊዜ ቦታው ላይ አለ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ ከአፍሪካ እጅግ ዝቅተኛው ቦታ። ጨው ነጭ ሆኖ ተዘርግቶ ዓይን ይወጋል። በመጋቢት ማለዳ 12 ሰዓት ተነስቶ መድረስና ከ5 ሰዓት በፊት መውጣት ይበጃል። በግንቦት ልጅና አዛውንት ይዤ አልሄድም።

ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ከኛ አገር የሚሄደው ጫት ይደርሳል፤ ከተማው እስከ 10 ሰዓት ጸጥ ይላል። ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል። ጉዳይዎን ጠዋት ይጨርሱ፤ ባሕሩን ማታ ያግኙት። አማርኛ የሚሰማ ሰው በየሱቁ አለ። ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው ትልቅ ዕረፍት ነው። ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ብዙው ነገር ከውጭ የሚገባ ነው፤ የአገሩ ገንዘብ ፍራንክም ለብዙ አሥርት ዓመታት ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ስለሆነ አይረክስም። ሆቴሉም ጥቂት ነው። ቅርብ ስለሆነ ርካሽ ይሆናል ብሎ መገመት የተለመደ ስህተት ነው።

ሞምባሳ፦ የተነሳሁባት ከተማ

ስለ ሞምባሳ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ስለምወዳት ነው። ስለተጎዳሁባትም ነው።

የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የሚኖረው በሁለት ንፋሶች ነው። ስዋሂሊዎቹ ካስካዚ የሚሉት ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ። ያኔ ባሕሩ የተረጋጋ፣ ሰማዩም ክፍት ነው። ኩሲ የሚሉት ደግሞ ከደቡብ ይመጣል፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ለወራት ይቆያል። ማዕበሉን ያነሳሳል፣ የባሕር ሣሩንም ወደ ዳርቻ ይገፋል። ረጅሙ ዝናብ የሚወርደው ንፋሱ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚዞርበት ጊዜ ነው። ከማርች መጨረሻ ይጀምራል፣ በኤፕሪል ይከብዳል፣ በሜይ ያይላል። ሜይ ብቻውን ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይጥላል፤ የዓመቱ ከባዱ ወር ነው። ዛንዚባርም በዚሁ ዝናብ ሥር ናት። ስለዚህ «ሞምባሳ ከዘነበ ዛንዚባር እንሂድ» የሚለው መፍትሔ አይደለም።

እናም ሞምባሳ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ጥሩ ናት። ቀኑ 32 እና 33 ዲግሪ ነው፤ ውሃው 29። ከዚያ በኋላ ዕድል ነው። በሚያዝያ ሙሉ ቀን የማይዘንብባቸው ቀናት አሉ፤ ጠዋት ወርዶ ከሰዓት የሚያባራበት ቀንም አለ። ግን ሦስት ወይም አራት ቀን ብቻ ያለው ሰው በዕድል መጫወት የለበትም። አሥር ቀን ካለዎት፣ መጽሐፍ ማንበብና መተኛት ካማረዎት፣ ከሰው ብዛት ከሸሹ፣ ቅናሹ ይጠቅምዎታል። ከመክፈልዎ በፊት ግን ሆቴሉን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በዚያ ሳምንት ምግብ ቤቱና ጀልባው ይሠራሉ? ዳርቻው በየቀኑ ይጸዳል? ቀን ብቀይር ገንዘቤ ይመለሳል? ሦስተኛውን ጥያቄ ያልጠየቀ ሰው እኔን ይመስላል።

ሌላው የውሃው መውጣትና መውረድ ነው። ውሃው ሲሸሽ ባሕሩ ርቆ ይሄዳል፤ የሚቀረው ድንጋይና ኩሬ ነው። የመዋኛ ሰዓት በየቀኑ ይለዋወጣል። የሆቴሉን ሰው ጠይቆ ቀኑን በዚያ ማመቻቸት ነው። ለመዋኛ ከከተማው ይልቅ በስተደቡብ ያለው ዲያኒ ይሻላል፤ በሊኮኒ ጀልባ ይሻገራሉ። ከተማው ውስጥ ደግሞ ፎርት ጂሰስ አለ። ፖርቱጋሎች ከ1593 ጀምሮ የሠሩት ምሽግ ነው፤ በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር። ከጎኑ ያለው የድሮው ከተማ ጠባብ መንገዶች በዝናብም ይታያሉ።

በወረቀት በኩል ሞምባሳ ቀላሏ ናት። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ኬንያ ቪዛ የማትጠይቅበት የቆየ ስምምነት አለ። የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃውን፣ ቢጫ ካርዱን፣ ግን አይርሱ። ወባም አለ፤ ከዝናቡ በኋላ ትንኙ ይበዛል፤ አጎበርና ቅባት ያስፈልጋል። ፌስታል ይዘው አይሂዱ፤ ኬንያ ከ2017 በፈረንጅ ጀምሮ ከልክላለች። ጿሚ በኮኮናት የተሠራ ቦሎቄና ሱኩማ ዊኪ የተባለ ጎመን በየቦታው ያገኛል። በአየር ቀጥታ በረራ አለ። ናይሮቢ ደርሶ በባቡር መውረድም ይቻላል፤ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ዱባይ፦ የሚተነበይ አየር፣ የማይተነበይ ወጪ

በማርች ቀኑ 28፣ ሌሊቱ 18 ዲግሪ ነው። ከዚህ የተሻለ አየር መፈለግ ይከብዳል። በኤፕሪል 33፣ በሜይ 38 ይሆናል። ውሃው በማርች 24 ነው፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል። በሜይ 29 ይሆናል። ዝናብ እምብዛም አይጥልም። ሆኖም ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. የጣለው ዝናብ አገሪቱ መመዝገብ ከጀመረችበት ከ1949 በፈረንጅ ወዲህ ያልታየ ነበር፤ አውሮፕላን ማረፊያው ውሃ ሞልቶት በረራ ተስተጓጉሏል። ያ ለየት ያለ ክስተት ነው፤ ዕቅድ የሚያስቀይር አይደለም።

ዋጋው እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ይወደዳል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ይወርዳል። ቤተሰብ ላለው ሰው ነገሩ ይለያል። ብዙዎቻችን እዚያ የሚሠሩ እህትና ወንድም አሉን። ማደሪያ ካለ ዱባይ ከጅቡቲ ሊረክስ ይችላል። ዴይራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ የጾም በያይነቱ የሚያቀርብ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። ቪዛው አስቀድሞ በአየር መንገድ፣ በሆቴል ወይም በጉዞ ወኪል በኩል መውጣት አለበት። በረራው አራት ሰዓት ነው። ሹራብ ይያዙ፤ ውጭው ቢሞቅም የገበያ አዳራሹ ኤሲ አጥንት ይገባል።

እስክንድርያ፦ ሰው የሚዘነጋት

ይህችን ከተማ ሰው ሲያነሳት አልሰማም። በዘገየ ፋሲካ ግን የኔ የመጀመሪያ ምርጫ እሷ ናት።

በማርች ቀኑ 21 ዲግሪ ነው፤ የአዲስ አበባን ቀን ይመስላል። ሌሊቱ 12 ነው። ጃኬት ያስፈልጋል። የከተማው ዓሣ አጥማጆች የብርዱን ወራት ማዕበሎች ነዋት ብለው እያንዳንዱን በስሙ ይጠሩታል፤ የመጨረሻዎቹ የሚመጡት በማርች ነው። እኔ በመጋቢት ስሄድ ማዕበሉ ኮርኒሽ የሚባለውን የባሕር ዳር መንገድ ግድግዳ እየዘለለ አስፋልቱን ሲያጥብ አይቻለሁ። ደስ የሚል ትዕይንት ነው፤ መዋኘት ግን የማይታሰብ ነው። በኤፕሪል 24፣ በሜይ 26 ዲግሪ ይሆናል። ዝናቡም ይጠፋል። ባሕሩ ግን በሜይም 21 ነው። ስለዚህ እስክንድርያ የመራመጃ፣ የመቀመጫና የማያ ከተማ ናት። መዋኘት ዋናው ዓላማዎ ከሆነ አይምረጧት።

አንድ ጠንቅ አላት። በጸደይ ከበረሃው ኸማሲን የሚባል ትኩስ፣ አቧራማ ንፋስ ይነሳል። ስሙ አምሳ ማለት ነው። ሲመጣ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ሰማዩ ቢጫ ይሆናል፤ ሙቀቱም በአንዴ ይዘልላል። አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱን በእጁ ይያዝ። ለዚህም ብዬ አንድ ትርፍ ቀን ጨምሩ እላለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ በዓሉ ነው። የግብፅ ክርስቲያኖች፣ የኮፕቶቹ፣ ፋሲካ ከኛ ጋር በአንድ ቀን ይውላል። በማግስቱ፣ እኛ ማዕዶት በምንለው ሰኞ፣ ግብፅ በሙሉ ሻም ኤል ነሲም ብላ ታከብራለች። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጆቹን ይዞ ወደ ሣሩና ወደ ባሕሩ ይወጣል፤ የተቀባ እንቁላልና ጨው ውስጥ የቆየ ዓሣ ይበላል። ለጿሚም እንደ እስክንድርያ የሚመች የለም። ኮፕቶቹም ስለሚጾሙ «ሲያሚ» የሚለውን ቃል ብቻ ይያዙ፤ የጾም ማለት ነው። ፉል፣ ታሚያ የተባለውን የባቄላ ጥብስ፣ ኮሻሪ የተባለውን የሩዝና የምስር ምግብ በልተው በጥቂት ገንዘብ ይጠግባሉ።

ለምእመን ሌላም ምክንያት አለ። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳት የሚመጡልን ከእስክንድርያው የማርቆስ መንበር ነበር። የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ከተማው መሐል አለ። ከዚያ ወጥቶ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን የቃይትባይ ምሽግ ማየት ይቻላል፤ የቆመው የጥንቱ የመብራት ግንብ በነበረበት ቦታ ላይ ነው።

ችግሩ መንገዱ ነው። በረራው እስከ ካይሮ አራት ሰዓት፣ ከዚያ በባቡር ወይም በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ። ቪዛውም ከጉዞው በፊት ከኤምባሲ ይጠየቃል፤ ጊዜ ይወስዳል። ወጪው ግን ቀላል ነው። በማርች 2024 የግብፅ ፓውንድ ከወረደ ወዲህ ዶላር ለያዘ ሰው ምግብና ማደሪያ ረክሷል።

በአንድ ዓይን

| መመዘኛ | ጅቡቲ | ሞምባሳ | ዱባይ | እስክንድርያ |
|---|---|---|---|---|
| ቀን፣ ከማርች ወደ ሜይ | ከ31 ወደ 35 | ከ33 ወደ 30 | ከ28 ወደ 38 | ከ21 ወደ 26 |
| ሌሊት | ከ24 ወደ 27 | ከ25 ወደ 23 | ከ18 ወደ 25 | ከ12 ወደ 17 |
| የባሕር ውሃ | ከ27 ወደ 30 | ከ29 ወደ 28 | ከ24 ወደ 29 | ከ17 ወደ 21 |
| ዝናብ | ጥቂት | እየከበደ ይሄዳል | ጥቂት | እየጠፋ ይሄዳል |
| ሌላ ጠንቅ | ወበቅ | የባሕር ሣር፣ ትንኝ | ከሜይ በኋላ ሙቀት | አቧራማ ንፋስ |
| ጥሩው ጊዜ | እስከ መጋቢት መጨረሻ | እስከ መጋቢት አጋማሽ | እስከ ሚያዝያ አጋማሽ | ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ |
| ጉዞ | 1 ሰዓት በአየር፣ ወይም ባቡር | ቀጥታ በረራ | 4 ሰዓት በአየር | 4 ሰዓት፣ ከዚያ 3 ሰዓት በምድር |
| ወጪ በከተማው | ውድ | በዝናብ ወቅት ርካሽ | ውድ፣ ቤተሰብ ከሌለ | ርካሽ |

ቁጥሮቹ በዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለመዱ አማካዮች ናቸው። አንድ ቀን ከዚያ ሊወጣም ሊወርድም ይችላል።

ለእርስዎ የትኛው?

ትንንሽ ልጆች ካሉዎትና ዓላማዎ መዋኘት ከሆነ፣ ዕረፍቱም ከሚያዝያ አጋማሽ በፊት ከሆነ፣ ዱባይ። ገንዘቡ ካልበቃ ጅቡቲን በመጋቢት ለሦስት ቀን ብቻ፤ ከዚያ በላይ ማደሪያው ኪስ ያራቁታል።

አዛውንት ይዘው ከሆነ ሙቀትን ከሁሉ አስቀድሙ። የደም ግፊት ያለባት እናት በ35 ዲግሪ ወበቅ አትደሰትም። እስክንድርያ በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት። ወንበር ላይ ተቀምጦ ባሕር ማየት፣ ማታ ነጠላ ለብሶ ኮርኒሹ ላይ መራመድ ይችላሉ።

ከሁሉ ያነሰ ገንዘብ ላለው፣ ቪዛ ለመጠበቅም ጊዜ ለሌለው ወጣት፣ ሞምባሳ እስከ መጋቢት አጋማሽ። ቀኑ ካለፈ እስከ ሰኔ መጨረሻ ይታገሡ እንጂ በግንቦት አይሂዱ።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ መጥተው በመንገዳችሁ ባሕር ለምትፈልጉ ወገኖች፣ የወረቀቱ ነገር ይገለበጣል። በያዛችሁት ፓስፖርት ዱባይና ግብፅ ይቀልሏችኋል፤ ኬንያ ግን አስቀድሞ በኢንተርኔት ፈቃድ ታስሞላለች።

በጅቡቲ፣ በዱባይና በእስክንድርያ አረፋንም ማየት ያስፈልጋል። በ2019 ግንቦት 8 አካባቢ ይውላል። በዚያ ሳምንት ሆቴል ይሞላል፣ መሥሪያ ቤት ይዘጋል።

ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ወር ቀይሩ፣ የሌሊቱን ሙቀትና የባሕሩን ውሃ እዩ፣ የቪዛውን ደንብ ከኤምባሲው አረጋግጡ፣ ከዚያ ሆቴል። ሆቴል ገንዘብ የሚመልስበትን ዋጋ ምረጡ፤ ትንሽ ቢወደድም። ባንክ ለተጓዥ ምንዛሪ ሲሸጥ ቲኬቱንና ቪዛውን ስለሚጠይቅ ያንን በመጨረሻው ሳምንት አታድርጉት።

እኔ የ2019ን ፋሲካ ቀን ይዣለሁ፤ ሚያዝያ 24። እናቴን እስክንድርያ ልወስዳት ነው። ነጠላዋ በአንድ ከሰዓት ይደርቃል።